በትልቁ ስም

ከግድግዳው ወዲያ ስልኮቹ ይጮሃሉ። አንዱ ዝም ሲል ሌላው ይቀበለዋል፤ እሱ ሳያበቃ ሦስተኛው ይደርባል። በጩኸቱ መሐል የሴቶች ድምፅ ይሰማል፦ «አቤት፣ ውሃ አገልግሎት!... አይ እናቴ፣ እኔ አልዘጋሁብዎትም... ኧረ አይሳደቡ ጋሼ፣ እኔም የሰው ልጅ ነኝ...»

ሐኪሙ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሲገልጥ ምን እንደሚጠብቀው ስለሚያውቅ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ገለጠ። ያው ነው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ያቺው መስመር ተጋድማለች፦ ሱዶ፣ ጊት፣ ትዕዛዙ አልተገኘም።

«ምን ይላል?» አለ ኃላፊው ከጀርባው ቆሞ፣ የቁልፍ ዘለላውን በጣቱ እያሽከረከረ።

«የለም ይላል።»

«ምኑ ነው የሌለው?»

«ጊት። ፕሮግራሙ።»

«አርብ ዕለት ነበረ አይደል እንዴ?»

«ነበረ።»

«ታዲያ ቅዳሜና እሑድ ዘመድ ሊጠይቅ ሄደ?»

ሐኪሙ ሐኪም አይደለም። የውሃ አገልግሎቱ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት የስልክ ክፍሏ ሬዲዮ ናት፤ የታመመ ማሽን እየፈለገ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር አይታ። እሷም ሬዲዮ የተባለችው አፏ ስለማይዘጋ ነው። እሱ ግን ተናጋሪ አይደለም። ምሳውን ብቻውን ይበላል፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ በመስኮቱ በኩል መንገዱን እያየ ከአስፋልቱ ሥር ስለሚሄደው ውሃ ያስባል። ትዕዛዝ ጽፎ ቁልፉን ሲጫን አንድ ቦታ ጨለማ ውስጥ አንድ ቧንቧ ጎርጎር ብሎ የሚሞላ ይመስለዋል። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ከተማው ውሃ የሚያገኘው በተራ ነው። ሰሞኑን አንድ ትልቅ ፓምፕ ተቃጥሎ የሰፈሮቹ ተራ ተለዋውጧል፤ አዲሱ ተራ ዛሬ ጠዋት መውጣት ነበረበት። መሃንዲሶቹ ጨርሰው በኮምፒውተር ወዳለው የጋራ ማከማቻ ልከውታል። ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሰርቨር የሚያመጣው ጊት የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ማን ምን እንደቀየረ እያስታወሰ አዲሱን በአሮጌው ቦታ ይተካል። የሐኪሙ ድርሻ አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነበር። ያቺ መስመር እምቢ በማለቷ ድረ ገጹም የስልክ ክፍሉም አሁንም የሚያሳዩት አሮጌውን ተራ ነው። በደረቀ ቧንቧ ሥር ጀሪካን ደርድሮ የሚጠብቅ ሰፈር አለ፤ ውሃው መጥቶለት ሳያውቅ በሩን ዘግቶ ሥራ የሄደ ሰፈርም አለ።

«አርብ ማን ነካው?» አለ ኃላፊው። የእጅ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተርገበገበ፤ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። «ስማ እንጂ፣ ማን ነካው?»

ሐኪሙ «ቆይ ልየው» ማለት ነበረበት። ሁለት ቃል ናት። ግን የኃላፊው ትንፋሽ ማጅራቱ ላይ፣ የስልኮቹ ጩኸት ጆሮው ውስጥ ነበር፤ አፉ ከልቡ ቀደመ።

«መጨረሻ የገባችው እታለም ናት።»

ይህ እውነት ነበር። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ እውነት ሆኖ ይቀር ነበር።

«እና እሷ አጠፋችው?»

«ሳታጠፋው... አትቀርም።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሳይበርድ እታለም በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች፤ በሁለት እጇ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ይዛ፣ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእሱ።

እታለም የሥጋ ዘመዱ አይደለችም። የታላቅ እህቱ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ እህቱ እታለም ስትላት ሰምቶ እሱም እታለም አላት፣ መሥሪያ ቤቱም ከእሱ ሰምቶ እታለም አላት። እዚህ ሲቀጠር ተያዥ አምጣ ተባለ። አጎቱ «በእኔ ደመወዝ ሌላ ሰው አላስይዝም» ብሎ በሩን ሲዘጋበት እሷ መጥታ ፈረመች። «ይሄ ልጅ ሰው አይለምድም እንጂ ተንኮል አያውቅም» ነበር ያለችው፣ እሱ አጠገቧ መሬት መሬቱን እያየ። የማሽን ክፍሉን የምትጠብቀው፣ ከሰርቨሩም ጋር ያስተዋወቀችው እሷ ናት።

«ቁልፉን አምጪ» አላት ኃላፊው።

«የምን ቁልፍ?»

«የማሽን ክፍሉን። ፕሮግራሙን አጥፍተሽ ከተማ ታስጠሚያለሽ?»

እታለም ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ኃላፊውን አላየችም፤ ሐኪሙን ነው ያየችው።

«እኔ ምንም አላጠፋሁም። እስቲ አንዴ ልየው።»

«ቤት ያቃጠለ ሰው ውሃ ላቀብል ሲል ደስ አይልም። ነገሩ እስኪጣራ ስልክ ክፍል ቁጭ በይ። ያመጣሽውን ስድብ ራስሽ ተቀበይው። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ እገባለሁ፣ ይዤ የምገባው ያንቺን ስም ነው። ምን እንደሚል ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ሁሉም ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት አንድ የቆጣሪ አንባቢ ከዚህ ባነሰ ነገር ተሰናብቷል።

«ሐኪሙ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንተ አየኸው? በደንብ አይተህ ነው?»

«አየሁት» አለ ሐኪሙ፤ ያለው ግን ለኪቦርዱ ነው።

ቁልፉን ከአንገቷ ገመድ ፈትታ አስቀመጠችና ወጣች። ኃላፊው ተከተላት፤ በሩ ክፍት ስለነበር ስልክ ክፍል ሲደርሱ በታላቅ ድምፅ የተናገረው ሁሉ ጥርት ብሎ ተሰማ። «ረዳት አመጣሁላችሁ! ፕሮግራሙን ያጠፋችው እሷ ናትና ስድብ የበዛበትን መስመር ስጧት!»

ሐኪሙ ሻዩን አየው። ይተናል። መንካት አልቻለም።

በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ፣ የተሳለ ቧንቧ ሥር፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከመቀመጫው ይታየዋል። በየቀኑ አይቶት በየቀኑ አልፎት ነበር። ዛሬ ሰው መስሎ አፈጠጠበት። ፊቱን ወደ ስክሪኑ መለሰና ፕሮግራሙን እንደገና ከመጫኑ በፊት የእትም ቁጥሩን በመጠየቅ አንዴ ሊሞክረው ፈለገ። ሐሳቡ ስልክ ክፍል ነበርና የለመዳትን ቃል ረሳት፤ «ሱዶ»ን ሳያስቀድም ጊትን ብቻ ጽፎ ቁልፉን ተጫነ።

ማሽኑ መለሰ። አለሁ አለ። እንዲያውም አዲሱን የእትም ቁጥሩን ተናገረ።

ሐኪሙ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ሱዶ»ን ጨምሮ ደገመው፤ አልተገኘም። «ሱዶ»ን አንስቶ ጻፈው፤ አለሁ። የጠፋ ነገር ቢሆን ለሁለቱም በጠፋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማሽኑ ውስጥ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ስም አለው፤ በስሙ የተፈቀደለትን ይሠራል። ከዚያ በላይ አንድ ትልቅ ስም አለ፤ ሁሉን የሚከፍት፣ ሁሉን የሚሰርዝ፣ ማንም የማይከለክለው። «ሱዶ» የምትለው ቃል ከትዕዛዝ ፊት ስትገባ ማሽኑ ያዘዘው ትልቁ ስም እንደሆነ ቆጥሮ ይፈጽማል። ሐኪሙ አዲስ በነበረበት ጊዜ ማሽኑ አንድ ቀን ኃላፊው እያየ «ፈቃድ የለህም» ብሎ አሳፍሮታል። ያን ቀን «ሱዶ»ን አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። የተከፈተ በር እንኳ በትከሻው ይገፋ ጀመር። በትልቁ ስም የተፈጠረ ፋይል ደግሞ የትልቁ ስም ንብረት ይሆናል፤ በማግስቱ በራሱ ስም ሲመጣ ማሽኑ ይከለክለዋል፣ እሱም ተናዶ «ሱዶ» ይላል። ራሱ በቆለፈው በር ራሱ እየተቆጣ ዓመት አለፈው።

ጊት የት እንዳለ ማሽኑን ጠየቀው። ማሽኑ አድራሻውን ነገረው፤ ከተለመደው ቦታ ውጭ የተለየ ማስቀመጫ ነው። ቀጥሎ በትልቁ ስም ሲታዘዝ ፕሮግራም የሚፈልገው የት የት እንደሆነ ጠየቀው። አጭር ዝርዝር መጣ። ትልቁ ስም ጠላት ያስቀመጠውን ነገር ሳያውቅ እንዳያስነሳ፣ ማሽኑ ለእሱ ሲል የሚፈልገው በታመኑ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። ያ ማስቀመጫ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

አርብ ከሰዓት ትዝ አለው። ትዝ ባይለው በወደደ። እታለም ወንበሩ አጠገብ ቆማለች። እሱ አንድ ጆሮው ላይ ዘፈን ሰክቶ መንገዱን ያያል።

«አሮጌው ጊት አስቸገረኝ ብለኸኝ አልነበር? አንስቼ አዲሱን ለብቻው ቦታ አስቀምጬልሃለሁ። በትልቁ ስም ከገባህ ግን አያገኘውም። በራስህ ስም ግባ። ሰማኸኝ?»

«እሺ፣ እሺ።»

«ምን አልኩህ?»

«በራሴ ስም።»

ቃሉን መልሶላታል። ጆሮው ሰምቷል፣ አፉ ደግሟል፣ እሱ ግን አልነበረም።

ፊቱ ጋለ። በክፍሉ ውስጥ ማንም የለም፤ ሆኖም ፊቱን በእጁ ሸፈነ። መሬት ተከፍታ ትውጠኝ የሚሉት ለካ እንዲህ ነው፤ ሰው ሳያይም ይመጣል። ከግድግዳው ወዲያ የእታለም ድምፅ ከሌሎቹ ተለይቶ ይሰማዋል፤ ረጋ ያለ፣ የማይጣደፍ።

ፋይሎቹን ዘረጋቸው። በየፋይሉ አጠገብ የባለቤቱ ስም ተጽፏል። የእታለም ሥራዎች በእታለም ስም ናቸው። የእሱ ሥራዎች በትልቁ ስም ናቸው። ከላይ እስከ ታች ፈለገ፣ የራሱ ስም አንድ ቦታ እንኳ የለም። እዚህ ቤት እንዳልሠራ ሰው።

አቋራጭ ነበረው። «ሱዶ» ብሎ የጊትን ሙሉ አድራሻ ከጻፈ ማሽኑ መፈለግ ሳያስፈልገው ያስነሳዋል፤ ተራው ያልፋል፤ «አገኘሁት፣ መለስኩት» ይላል። ማንም አያውቅም። ጣቱ እስከ ግማሽ ድረስ ጻፈውና ቆመ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው። በትልቁ ስም አንድ ነገር ብቻ አዘዘ፤ ፋይሎቹን ለተገቢ ባለቤቶቻቸው መመለስ። ከዚያ በራሱ ስም፣ ያለ «ሱዶ»፣ ያቺን መስመር ጻፈ።

ማሽኑ ትንሽ አሰበ። ከዚያ መስመሮቹ ወረዱ፤ አዲሱ ተራ ገባ። ሌላ ቀን ቢሆን የሚሞላ ቧንቧ ድምፅ ይሰማው ነበር። ዛሬ የሰማው የስልኮቹን ጩኸት ብቻ ነው፤ እሱም ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄደ።

ኃላፊው እያፏጨ ገባ።

«ሐኪሜ! ተነሳ አይደል በሽተኛው? ሥራ አስኪያጁ ራሱ ድረ ገጹን አይቶ ደወለልኝ። ምን ነበር?»

ሐኪሙ ተነስቶ ቆመ።

«አልጠፋም ነበር።»

«ምኑ?»

«ፕሮግራሙ። እታለም ያስቀመጠችበት ቦታ ነበረ። እኔ በትልቁ ስም ስለገባሁ ማሽኑ እዚያ አልፈለገም። አርብ ነግራኛለች፤ አልሰማኋትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ኃላፊው ማፏጨቱን አቆመ። ከዚያ ሳቀ።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ዋልክ በለኛ!»

«አዎ። እሷ ምንም አላደረገችም።»

«ጥሩ፣ ተወው። ለሥራ አስኪያጁ የቴክኒክ ችግር ነበር እላለሁ። ማንም አይባረርም፣ ደስ ይበልህ።»

«እታለምስ? ለሰዎቹ ይንገሩልኝ... ስልክ ክፍል በሰው ፊት ነው የተናገሩት።»

«እና?» ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ልጄ፣ አለቃ ጠዋት የተናገረውን ቀትር ላይ ከበላ ነገ ማን ይሰማዋል? እዚያ ጥቂት ሳምንት ትቀመጥ፤ ትንሽ ብትበርድ አይጎዳትም። እሷም ከልክ በላይ ታውቅ ነበር።» ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ቁልፍ አንስቶ ሐኪሙ እጅ ውስጥ ጣለው። «ይኸው። ከዛሬ ጀምሮ ክፍሉ ያንተ ነው።»

ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ። ቁልፉ አሁንም የገመዷ ክር ጫፍ ተንጠልጥሎበታል።

ሐኪሙ ቁልፉን ጨበጠ። ማታ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ፣ እሷ ትነግራታለች ብሎ አሰበ። ነገ ጠዋት ብቻዋን ሳገኛት እላታለሁ ብሎ አሰበ። በሰው ፊት የተዋረደን ሰው በስውር ይቅርታ መጠየቅ ሁለተኛ ስርቆት እንደሆነ ደግሞ ገባው። ሻዩ በርዶ ስስ ሽፋን አውጥቷል። ትቶት ወጣ።

ስልክ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሴቶቹ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል። እዚያ ስልክ ያነሳ ሰው ስሙን መናገር አለበት፤ ደንብ ነው። ሴቶቹ ግን ስድቡ ቤት ድረስ እንዳይከተላቸው በየቀኑ የውሸት ስም ይቀያይራሉ። ሬዲዮ ባለፈው ሳምንት ብቻ የአራት ሰው ስም ጨርሳለች።

«ኧረ ሐኪማችን!» አለች ሬዲዮ ስታየው የስልኩን አፍ በመዳፏ ሸፍና። «ምነው ቀለምህ ገረጣ? መርፌ ወጋህ እንዴ ራስህን?»

ሌሎቹ ሳቁ። እታለም አልሳቀችም። ጥጉ ላይ፣ ስድብ የበዛበት መስመር ላይ ተቀምጣ ትናገራለች። «አዎ እናቴ፣ አሁን ተስተካክሏል። የእናንተ ሰፈር ነገ ጠዋት ነው። አይ፣ ዛሬ አይጠብቁ፣ ቢያርፉ ይሻላል። ስሜን? ነግሬዎታለሁ እኮ፣ ልድገምልዎ?» ደገመችላት። እውነተኛ ስሟን ነበር። ሬዲዮ ራሷን ነቀነቀች፤ ቂል አየሁ እንደማለት።

ሐኪሙ በሩ ላይ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። ማንም አልሰማውም።

«አንድ ጊዜ!» አለ፤ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኸ። ክፍሉ ወደ እሱ ዞረ። «ፕሮግራሙን... እታለም አላጠፋችም። ምንም አልጠፋም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሳላይ አየሁ ብዬ ስሟን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የሰማችሁት ስድብ ሁሉ የእኔ ነበር።»

ሬዲዮ አፏን ከፍታ ቀረች።

እታለም የስልኩን እጀታ ቦታው ላይ አስቀመጠች። ቀና ብላ አየችው። ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር ፊቷ ላይ ሊያነብ አልቻለም። እሱ ቁልፉን ዘረጋላት።

«አሁን በማን ስም ገባህ?» አለችው።

«በራሴ።»

ራሷን በዝግታ ነቀነቀች። ከወንበሩ ጀርባ ሻርፗን አነሳች፣ ቦርሳዋን ከጠረጴዛው ሥር ሳበች። ቁልፉን አየችው እንጂ አልተቀበለችውም። በአጠገቡ አልፋ ወጣች።

«ወዴት ነው? እታለም! የት ልትሄጂ ነው?» አለች ሬዲዮ።

እግሯ ኮሪደሩን ሲያልፍ ተሰማ። ኃላፊው ቢሮ በር ላይ ትቆማለች ብለው ጠበቁ፤ አልቆመችም። የማሽን ክፍሉን አለፈች። ከዚያ ደረጃው፣ ከዚያ የታችኛው በር።

የጥጉ ስልክ ጮኸ። ሴቶቹ ተያዩ፤ ያ መስመር የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ደግሞ ጮኸ።

ሐኪሙ ሄዶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ቁልፉን ብትመለስ በምታይበት ቦታ ስልኩ አጠገብ አኖረው። እጀታውን አነሳ።

«አቤት፣ ውሃ አገልግሎት» አለ፤ ቀጥሎም ሬዲዮ እንኳ ሰምታው የማታውቀውን፣ እናቱ ያወጣችለትን ስሙን ተናገረ።